ስም ያነሳት ጥንዚዛ

ስለ እበት ጥንዚዛ ሊወራ ነው ብላችሁ ገጹን አትለፉት።

በእኛ ዘንድ ጥንዚዛ ጥንዚዛ ናት። እበት ውስጥ የምትኖረውም ሆነች ማታ ማታ አምፖል እየዞረች ግድግዳ የምትመታው፣ ስሟ አንድ ነው። ዐረቦች የእበቷን «ጁዐል» ብለው ለይተው ይጠሯታል፤ አል-ጃሒዝም «ኪታቡል ሐየዋን» በተሰኘው ሰፊ መጽሐፉ ውስጥ ቦታ ሰጥቷታል። ቢሆንም በእኛ አልፈርድም። ሰው ስም የሚያበዛው ለሚጨነቅለት ነገር ነው። ወሎ ያለው አጎቴ ከብቶቹን ቡሬ፣ ዳልቻ፣ ቦቃ፣ መጋላ እያለ ከሩቅ ሲለያቸው፣ ከከተማ ለሄድነው ልጆች ሁሉም «ላሞች» ብቻ ነበሩ።

የዛሬዋ ጥንዚዛ ርዝመቷ አንድ ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ዴንማርካዊው ሊቅ ፋብሪሲየስ እ.ኤ.አ. በ1787 «ጋዜላ» አላት፤ የሜዳ ፍየል እንደማለት ነው (ቃሉ ከዐረብኛው «ገዛል» የመጣ ነው)። ወንዱ ራሱ ላይ ሁለት ቀንድ አለው። እበት አታንከባልልም፤ ከሥሩ ጉድጓድ ቆፍራ ወደ መሬት ታስገባዋለች፤ ጠቅጥቃም እንቁላሏን ትጥልበታለች።

ይህች ሥራዋ ናት ባሕር ያሻገረቻት። አውሮፓውያን ወደ አውስትራሊያ ከብት ይዘው ሲገቡ፣ የአገሬው ጥንዚዛዎች የለመዱት የካንጋሮን ደረቅና ትንንሽ ኩስ ስለነበር የላሙ እበት በየመስኩ ተከምሮ ቀረ፤ ሣሩን አፈነ፤ ዝንብ አራባ። ከሀንጋሪ የሄደው ተመራማሪ ጆርጅ ቦርኔሚሳ መፍትሔው ከውጭ ጥንዚዛ ማስመጣት ነው ብሎ ተከራከረ፤ እ.ኤ.አ. በ1968ም «ጋዜላ» በኩዊንስላንድ ተለቀቀች። በ1972 ደግሞ ቴክሳስ ገባች። በዚህ ስም የተጻፈው ጥናት ብዛቱ ለጉድ ነው።

ታዲያ እ.ኤ.አ. በ2017 ዤኒየና ሞሬቶ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች «ዲጂቶንቶፋገስ» የሚባለውን የጥንዚዛዋን ወገን በሙሉ እንደገና መርምረው ሲያወጡ፣ በአፍሪካ በአንዱ ስም ሥር ብዙ ዝርያ ተደብቆ መኖሩ ታወቀ። በርካታ አዳዲስ ስሞች ወጡ፤ አንዱ ከእኛው አክሱም የተወሰደ ነው። በዚያው ዓመት ባሕር የተሻገረችው የትኛዋ እንደሆነች ራሱን የቻለ ሌላ ጽሑፍ መረመረ።

ይህን ሁሉ ዘመን እንዴት አልታየም? መልኳ ያታልላል። ቀንድ እንኳ ምስክር አይሆንም፤ በልጅነቱ ጠግቦ ያደገ ወንድ ቀንዱ ይረዝማል፣ ምግብ ያነሰው ደግሞ ጉጥ ብቻ ይዞ ይቀራል። የአንድ እናት ልጆች ሁለት ዝርያ መስለው ሲታዩ፣ ሁለት ዝርያዎች ደግሞ አንድ ይመስላሉ። ስለዚህ መርማሪው በማጉያ መነጽር የጀርባዋን ነጠብጣብ፣ የወንዱንም የመራቢያ አካል ቅርጽ፣ በየቤተ መዘክሩ ያለውን እያወጣ አንድ በአንድ ያነጻጽራል። አሰልቺ ሥራ ነው። ለእኔ ግን ከብዙ ጩኸት የበዛበት ግኝት ይልቅ ይህ ይበልጥብኛል። ሙቀት የምትወደዋን ብርድ አገር ወስዶ ቢለቅ፣ የአንዷን ጠባይ ለሌላዋ ቢሰጥ፣ ኪሳራው የገበሬው ነውና።

ይህን ስነግራት ልጄ «አባዬ፣ ታዲያ የድሮው ስም ውሸት ነበር?» አለችኝ። ውሸትስ አይደለም። በሕጋቸው ቀድሞ የወጣ ስም አይጣልም፤ አንድ የተወሰነ ናሙና ላይ ታስሮ ይኖራል፤ ያንን የመሰለች ስሙን ትይዛለች፣ ያልመሰለች ሌላ ይወጣላታል። ልጄ ጥቂት አሰብ አድርጋ «እኛ ቤት የምትመጣዋስ?» አለች። እሷን ገና ማንም በማጉያ አላየልንም።

በቤተ መዘክሮቹ ግን ጥሩ ልማድ አለ። ጥንዚዛዋ በመርፌ ተሰክታ፣ ከሥሯ የተያዘችበት ቦታና ቀን በትንሽ ወረቀት ይጻፋል። አዲስ መርማሪ ስሟን ሲያርም የራሱን ወረቀት በዚያው መርፌ ይጨምራል እንጂ የቀድሞውን አይቀድም፤ አንዳንዷም ሦስትና አራት ስም ደራርባ በመሳቢያዋ ውስጥ ትቀመጣለች።