ሌጦው ላይ የተጻፈው

የቆዳ ጓንት የሰው እጅ የሚለብሰው የሌላ ፍጥረት ገላ ነው። ይህን ቀላል እውነት ጓንቱን የሚገዛው ሰው እምብዛም አያስበውም። ብርድ በጸናበት አገር፣ ከመስተዋት ጀርባ ተደርድሮ ያየውን ስስ ነገር በእጁ ሲያጠልቅ የሚመረምረው ስፌቱንና ዋጋውን ነው። ለጓንት ተመርጠው ከሚፈለጉት ሌጦዎች አንዱ ግን የኢትዮጵያ ደጋ በግ ሌጦ ነው። በእንግሊዝ አገር በየቪል ከተማ እ.ኤ.አ. በ1826 የተመሠረተው ፒታርድስ የተባለ ኩባንያ ለአሥርተ ዓመታት በዚህ ሌጦ ሲሠራ ኖሯል፤ ኋላም በሞጆ አቅራቢያ፣ ኤጀርሳ ላይ ያለውን የኢትዮጵያ ቆዳ ፋብሪካ እስከ መያዝ ደርሶ፣ እ.ኤ.አ. በ2023 ከስሮ ወደቀ። ወሎም በዚህ መዝገብ ውስጥ ስም አላት። የባቲ ከተማ ስሟን ለፍየል ሌጦ አውሳለች፤ በቆዳ ነጋዴዎች ዘንድ «ባቲ» ሲባል ገጹ እንደ ከፋይ ለሚለሰልስ ቆዳ የሚመረጥ የፍየል ሌጦ ማለት ነው።

ይህን ሁሉ ሳስብ ልቤ የሚያርፈው ግን ከባቲ ወደ ሰሜን፣ ወልዲያን አልፎ፣ አላውሃን ተሻግሮ ወደ ቆቦ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው ጎብዬ ነው። የጎብዬ ሰው ጓንት አይለብስም፤ ፀሐዩ አያስለብስም። በምሥራቅ የዞብል ተራሮች፣ ከእነርሱ ማዶ የአፋር ቆላ፣ በመካከል የማሽላው ሜዳ። ዝናብ ሲመጣ ሜዳው ይጠግባል፤ ሲቀር ከሰው ቀድሞ የሚከሳው ከብቱ ነው። በዚህ ሜዳ የሚርመሰመሱት ፍየሎችና በጎች አንድ ቀን ሌጦ ይሆናሉ። ሰብሳቢው ይገዛቸዋል፣ ጨው ይነሰነስባቸዋል፣ መኪና ላይ ተጭነው ወደ ኮምቦልቻ ወይም ከዚያ አልፈው ወደ ሞጆ ይወርዳሉ። ከዚያ በኋላ የመጡበትን ቀዬ የሚያውቅላቸው የለም።

እኔን የሚያስደንቀኝ ይኸው ነው፤ ሌጦው ራሱ የመጣበትን ይናገራልና። ቆዳ ማለት እንስሳው በሕይወት ሳለ የደረሰበትን ሁሉ የያዘ ብራና ነው። እሾህ የጫረው ይታያል። ጅራፍ ያረፈበት ይታያል። በሬው ሲታመም በጋለ ብረት የተተኮሰበት ቦታ ጠባሳው አይጠፋም። ቀንበር የላጠው ጫንቃ፣ መዥገር የበሳው ብብት፣ መጨረሻም ገፋፊው በችኮላ የሳተው ቢላዋ፣ ሁሉም ተጽፏል። በፋብሪካ ውስጥ ደረጃ የሚያወጣው ሰው ይህን ጽሑፍ በእጁና በዓይኑ ያነብባል። የሚያነብበው ግን ስለ ዋጋ ብሎ ነው። እንስሳው «አሞኝ ነበር» ያለበትን መስመር እርሱ «ሦስተኛ ደረጃ» ብሎ ይተረጉመዋል።

ከእነዚህ ጽሑፎች ሁሉ ክፉው እከክ ነው። ቅማልና እንደ ቅማል ያሉ ደም መጣጭ ተባዮች በጉን ወይም ፍየሉን ይወርሩታል። እንስሳው ያሳክከዋል፤ ከግንድ ጋር ይታሻል፣ ከአጥር ጋር ይታሻል፣ ጎኑን በጥርሱ ይነክሳል፣ መጋጡን ትቶ ይከሳል። ጸጉሩ ስለሚሸፍነው ሰብሳቢው ሲገዛ ጉዳቱን ላያየው ይችላል። ፋብሪካ ገብቶ ጸጉሩ ሲነሳ ግን ሌጦው በጥቃቅን ነጠብጣብ ተሞልቶ ይገኛል። የአገራችን ቆዳ ፋብሪካዎች ለዓመታት አምርረው ካማረሩባቸው ነገሮች ዋነኛው ይህ ነጠብጣብ ነው። በአማራ፣ በትግራይና በአፋር ክልሎች የመድኃኒት ርጭት ዘመቻ የተካሄደበት ጊዜም ነበር። ልብ በሉ፤ ማሳከኩ ሥቃይ መሆኑን እረኛው ድሮም ያውቀው ነበር። ዘመቻው የመጣው ግን ሌጦው ሲበላሽ ነው።

በባሕር ማዶ ደግሞ ሌላ ንባብ አለ። በእንግሊዝ አገር የእርባታ እንስሳት ደኅንነት ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ1979 አምስት ነጻነቶችን ደነገገ፦ ከረኃብና ከጥም፣ ከምቾት ማጣት፣ ከሕመምና ከጉዳት፣ ከፍርሃትና ከጭንቀት ነጻ መሆን፣ እንዲሁም እንደ ተፈጥሮ ለመኖር ነጻነት ማግኘት። የጫማና የልብስ ስመ ጥር ቤቶች ከእነዚህ ቃላት የራሳቸውን መመሪያ አውጥተዋል። እ.ኤ.አ. በ2005 የተቋቋመው ሌዘር ወርኪንግ ግሩፕ ቆዳ ፋብሪካዎችን እየመረመረ ደረጃ ይሰጣል፤ ቆዳው ከየት እንደመጣም እስከ ቄራው ድረስ ይጠይቃል። እስከ ቄራው! አንባቢ ሆይ፣ የእኛ አገር በግና ፍየል የሚበዛው የሚታረደው በየጓሮው ነው። በፋሲካ፣ በአረፋ፣ በእንቁጣጣሽ፣ በሠርግ፣ በተዝካር። በጎብዬ አንድ በግ ከታረደበት ደጃፍ ተነስቶ ወረቀት ይዞ የሚሄድ ሌጦ አላየሁም። ስለዚህ መርማሪው መዝገቡን ዘርግቶ ወደ ኋላ ሲቆጥር ቆጥሮ ቆጥሮ ገደል ጫፍ ላይ ይቆማል። ከገደሉ ማዶ ያለነው እኛ ነን።

ማዶ ያለው አገር ግን ሕግ የሌለው አገር አይደለም። ራያ ላይ በሬ ስም አለው፤ ቦራ ይባላል፣ ዳለቻ ይባላል፣ ወይኖ ይባላል። በክርስቲያኑ ዘንድ በሰንበት ቀንበር አይጫንበትም፤ ከሰውየው ጋር በሬውም ያርፋል። ሙስሊሙ ሲያርድ ቢላዋውን በእንስሳው ፊት እንዳይስል ታዟል፤ ከሞት በፊት በፍርሃት አይገደልምና። እነዚህ ሁለት ሥርዓቶች ከአምስቱ ነጻነቶች በብዙ ዘመን ይቀድማሉ። ነገር ግን ራሳችንን አናወድስ። ያው ሰው በሬውን በስሙ እየጠራ ይገርፈዋል። በገበያ ቀን አራት እግሩ ተጠፍሮ አውቶቡስ ጣሪያ ላይ በጠራራ ፀሐይ የሚጫነው ፍየል የእኛው ፍየል ነው። የምናዝነውም የምንጨክነውም በአንድ እጅ ነው፤ ሁለቱም ሌጦው ላይ ተጽፈዋል።

ታዲያ ይህ እጅ ለምን ይለወጥ? ከቅርብ ዓመታት ወዲህ የሌጦ ዋጋ እጅግ ከመውረዱ የተነሳ በበዓል ማግስት በየሰፈሩ ተጥሎ ሲበሰብስ ይታያል። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2008 በጥሬና በከፊል በለፋ ቆዳ ላይ 150 በመቶ የወጪ ንግድ ቀረጥ ሲጥል፣ ያለቀለት ቆዳ እዚሁ ተሠርቶ ጥቅሙ እዚሁ እንዲቀር ብሎ ነበር። ጥቅሙ ግን ጎብዬ ድረስ አልዘለቀም። የ1977ን ድርቅ ያየ፣ በ2013 ዓ.ም. መግቢያ ማሽላውን አንበጣ የበላበት፣ ወዲያው ደግሞ ጦርነት በደጁ ያለፈበት ገበሬ ለአንድ ፍየል የእከክ መድኃኒት የሚገዛው ምን አገኛለሁ ብሎ ነው? የተጨነቀችለትም ያልተጨነቀችለትም ፍየል ሌጦ አንድ ቦታ፣ ቆሻሻ ላይ፣ ይጣላል።

«እንግዲያው ከእነዚህ ሰዎች አንገዛም» ማለት ለሩቁ ቀላል ነው። ይህ መልስ ምን እንደሚያስከትል አንድ ጊዜ አይተናል። የምዕራብና የደቡብ ኢትዮጵያ ገበሬዎች ጥርኝን በጠባብ ጎጆ አስረው ዝባዷን እየወሰዱ ለፈረንሳይ ሽቶ ቀማሚዎች ሲልኩ ኖረዋል። በ1990ዎቹ መጨረሻ፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ የእንስሳት ተቆርቋሪዎች ጉዳዩን አደባባይ አወጡት፤ ሻኔል እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ ሰው ሠራሹን መተኪያ እንደሚጠቀም አስታወቀ። የሽቶው ጠርሙስ ከኃጢአት ነጻ ሆነ። ጥርኟ ግን ገዢዋ ስለተለወጠ ብቻ ከጎጆዋ አልወጣችም፤ ጥርኝ ማሰሩ ከዚያም በኋላ ቀጥሏል። እጅን መታጠብና ቁስልን ማጠብ አንድ አይደሉም።

እኔ የምመኘው ሌላ ነው። ሌጦው ከጎብዬ ወደ ሞጆ፣ ከሞጆ ወደ ባሕር ማዶ የሄደበት መንገድ መመለሻም ይኑረው። ደረጃ አውጪው በሌጦው ላይ ያነበበው ነገር ወደ እረኛው ይመለስ፤ «ይህን ነጠብጣብ ያመጣው ይህ ተባይ ነው፣ መድኃኒቱም ይኸው» የሚል ቃል ይምጣለት። ከቃሉ ጋር የዋጋው ልዩነት ይምጣ። ያላሳከካት ፍየል ሌጦ ካሳከካት ፍየል ሌጦ በላይ ሲያወጣ ገበሬው በዓይኑ ይይ። ያን ጊዜ የሩቅ አገር መመሪያ ለእርሱ የባዕድ ሕግ አይሆንበትም፤ ቢላዋውን ከበጉ ዓይን እንዲሰውር አያቱ ካስተማሩት ጋር አንድ ዘር መሆኑን ያውቀዋል።

እስከዚያው ድረስ ግን በመስተዋቱ ውስጥ የሚታየው ጓንት ንጹሕ ነው፤ አንዳች ጠባሳ የለበትም። ጠባሳ ያለባቸው ቀድመው ተለይተዋልና። ፍየሏ የተናገረችውም ከተጣለው ሌጦ ጋር ቀርቷል።