ከመርከቡ የማይወርድ ገንዘብ

«አይከን ኦፍ ዘ ሲስ» የምትባለዋን መርከብ ቪዲዮ ስልካችሁ ላይ ሳታዩ አልቀራችሁም። ፊንላንድ ቱርኩ ላይ ተሠርታ በጥር 2016 ዓ.ም. ከማያሚ የመጀመሪያ ጉዞዋን ጀመረች። ርዝመቷ 365 ሜትር፣ ፎቋ 20 ነው። 7 መዋኛ ገንዳ፣ 6 የውሃ መንሸራተቻ፣ ከ40 በላይ መብያና መጠጫ ቤት፣ በዚያ ላይ የበረዶ መጫወቻ ሜዳ አላት። ጢም ስትል 7,600 መንገደኛና 2,350 ሠራተኛ ትይዛለች። በግሮስ ቶን ስትለካ ታይታኒክን ከ5 እጥፍ በላይ ትበልጣለች። የካሮ ሕዝብ በሙሉ ቢሳፈርባት ግማሿ እንኳ አይሞላም።

ካሮን ያነሳሁት በምክንያት ነው።

የዚያ ሁሉ ምቾት ስሌት ቀላል ነው። መንገደኛው ሁሉን ነገር መርከቡ ላይ ካገኘ ወደብ ላይ ምን ያወጣል? ጥቂት ሰዓት ወርዶ ፎቶ አንስቶ፣ ቲሸርት ገዝቶ ለእራት ይመለሳል። ኩባንያው ባሃማስ ውስጥ ኮኮኬይ የምትባል የራሱ ደሴት ስላለችው እዚያ የሚወጣውም ገንዘብ ወደ እሱ ይመለሳል። የጣሊያን መንግሥት በሐምሌ 2013 ዓ.ም. ትልልቆቹን መርከቦች ከቬኒስ መሃል ከተማ ቦይ ያገደው ዝም ብሎ አይደለም።

አሁን ኮልቾ እንምጣ። ኦሞ ወንዝ ከታች የሚጠመዘዝበት ገደል አፋፍ ላይ ያለች የካሮዎች መንደር ናት። ባሕር የለንም፤ ኦሞም ቢሆን ቱርካና ሐይቅ ገብቶ ይቀራል እንጂ ባሕር አይደርስም። መርከብ ግን አለን፤ ላንድክሩዘር ይባላል። (ስሙ ራሱ ይመሰክራል!) ከቱርሚ ይነሳል፤ ውሃው፣ ምሳው፣ አስጎብኚው ውስጡ ነው። የመኪና ኪራዩ አዲስ አበባ፣ አልጋው ቱርሚ ወይም ጂንካ ተከፍሏል። ባለፈው ስሄድ ሰዓት ያዝኩ፤ አንዱ ቡድን 40 ደቂቃ ቆየ። ፊታቸውን በነጭ አፈር የተቀቡ ወጣቶች ተሰልፈው ቆሙ፣ በየፎቶው ተከፈላቸው፣ መኪናው ሄደ።

«ታዲያ ምን አለበት፣ ትርፍ ገቢ ነው» የሚል አይጠፋም። ድሮ ቢሆን እስማማ ነበር። ኦሞ በየክረምቱ ሞልቶ ሲሸሽ ጥሎት በሚሄደው ደለል ላይ ካሮዎች ማሽላ ይዘሩ ነበር። 1,870 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ግልገል ጊቤ 3 በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. ተመርቋል፤ ጎርፉም እንደ ድሮው አይመጣም። መብራቱን ሁላችንም እንፈልገዋለን፣ አልክድም። ግን ማሽላው ሲቀር ፎቶው ትርፍ መሆኑ ቀርቶ እንጀራ ሆኗል። ለአንድ ፎቶ የሚከፈል ደግሞ ሽማግሌና የማይቀባ ሰው አይደርሰውም፤ ልጆችንም ከትምህርት ቤት ይልቅ መኪና ጠባቂ ያደርጋል።

እኔ የምለው ክፍያው ለመንደሩ በጋራ ይሁን፣ ማደሪያውም ገደሉ ላይ የራሳቸው ድንኳን ይሁን። ጠዋት ወንዙን ከዚያ ማየት ከ7ቱም ገንዳ ይበልጣል። አስጎብኚ ድርጅቶችም በዋጋ ዝርዝራቸው ላይ አንድ መስመር ይጨምሩ፦ ቱሪስቱ ከከፈለው ውስጥ ኮልቾ የሚቀረው ስንት ብር ነው?