አንደበት የሚፈታ መጽሐፍ

በቤተ መጻሕፍታችን ልጆች የሚሻሙበት አንድ የሥዕል መጽሐፍ አለ፤ «ጎበዝ ውሻ፣ ካርል» ይባላል። አሌክሳንድራ ዴይ ጽፋና ሥላ በ1985 እ.ኤ.አ. አሳተመችው። እናት ሕፃኗን ለካርል አደራ ሰጥታ ትወጣለች። ከመግቢያውና ከመዝጊያው ጥቂት ቃላት በቀር የቀረው ሥዕል ብቻ ነው። ሕፃኗ የካርል ጀርባ ላይ ወጥታ ቤቱን ትዞራለች፤ የዓሣው ገንዳ ውስጥ ሳይቀር ትዋኛለች። እናት ሳትመለስ ካርል አጥቦ ያስተኛታል፤ ቤቱንም ያጸዳል።

የእኛ ልጆች ውሻን የሚያውቁት ደጅ ሲጠብቅ ነው። ስለዚህ «ሕፃን ለውሻ ይተዋል እንዴ?» እያሉ ይከራከራሉ። ቢሮዬ ከቤተ መጻሕፍቱ አጠገብ ስለሆነ እሰማቸዋለሁ። ክርክሩ በአማርኛ ነው። ክፍል ውስጥ ፊደል የሚያደናቅፈው ልጅ እንኳ ሥዕሉን ሲተርክ አንደበቱ ይፈታል።

ውድ ወላጆች፣ በሰው አገር ለሚያድጉ ልጆቻችን የአማርኛ የመጀመሪያ ትምህርት ቤት ቤታችን ነው። እንዲህ ያለውን መጽሐፍ ፊደል ያልቆጠሩ አያትም ከልጅ ልጃቸው ጋር ያነቡታል። በዕረፍቱ ጊዜ አንዱን ገጽ ገልጣችሁ «ከዚያስ?» በሏቸው፤ ከዚያም ሳታቋርጡ አዳምጧቸው።