ጋለል ብሎ ለሚነዳ፣ ከደሴ እስከ ውጫሌ

ይድረስ ለእማዬ፣ ለእታለምና ለቤተሰቡ በሙሉ፤ ከሐይቅ ከተማ።

ማሙሽ ለእረፍት ሲመጣ ጋለል ተብሎ የሚነዳውን ብስክሌቱን ከሆላንድ ይዞ፣ ከደሴ ተነስቶ በሐይቅና በአምባሰል በኩል ወልድያ ድረስ ለመንዳት ማሰቡ ቤቱን ሁሉ አስጨንቋል። እማዬ «ተኝቶ እንዴት ይነዳል?» ስትል ሰንብታለች። እታለም ደግሞ መንገዱ በዓይን ታይቶ እንዲጻፍላት አደራ ብላ ነበር። እነሆ፣ እስከ ውጫሌ ታይቷል።

የእማዬ ጥያቄ ይቅደም። ነጂው አይተኛም። እንደ ሸራ ወንበር ባለ መቀመጫ ላይ ጀርባውን አስደግፎ፣ እግሩን ወደ ፊት ዘርግቶ፣ ከፊቱ ያለውን ፔዳል ይገፋል። ክብደቱ በጠባብ ኮርቻ ላይ ሳይሆን በጀርባውና በመቀመጫው ላይ ስለሚያርፍ ወገቡ አይጎብጥም፤ አንጓው አይደነዝዝም፤ አንገቱም ቀና እንዳለ ሜዳውንና ተራራውን እያየ ይሄዳል። ማሙሽ ወገቡን ካመመው ወዲህ ከተራው ብስክሌት ወርዶ ወደዚህ የዞረው በዚህ ምክንያት ነው። ፈረንጆቹ ሪካምበንት ይሉታል።

የትናንት ፈጠራም አይደለም። ሻርል ሞሼ የሚባል ፈረንሳዊ መጀመሪያ ለልጁ ለዦርዥ ባለ አራት ጎማ የፔዳል መኪና ሠራለት፤ እናትየው ልጇ ብስክሌት ላይ እንዲወጣ ፈርታ ነበርና። ከዚያች የልጅ መኪና ተነስቶ ባለ ሁለት ጎማውን ሠራ። ፍራንሲስ ፎር የተባለ፣ እምብዛም ስም ያልነበረው ተወዳዳሪ በዚያው ብስክሌት እ.ኤ.አ. ሐምሌ 7 ቀን 1933 ፓሪስ ላይ በአንድ ሰዓት ውስጥ 45.055 ኪሎ ሜትር ነዳ። ስዊዘርላንዳዊው ኦስካር ኤግ በ1914 ያስመዘገበው 44.247 ኪሎ ሜትር እስከዚያ ቀን ድረስ አልተሰበረም ነበር። በዓመቱ፣ በ1934፣ ዓለም አቀፉ የብስክሌት ማኅበር ደንብ አውጥቶ የብስክሌትን ቅርጽ ወሰነና ይህን ዓይነቱን ከውድድሩ አስወጣው። ውሳኔው ዛሬም አልተሻረም። ፈጣን ሆኖ በመገኘቱ የተቀጣ መሣሪያ ነው ማለት ይቻላል፤ በየሱቁ በብዛት የማይታየውም በዚያ ውሳኔ ሳቢያ ጭምር እንጂ ጉድለት ስላለበት ብቻ አይደለም።

የፈጣንነቱ ምሥጢር አየር ነው። ሜዳ ላይ ፍጥነት ሲጨምር ብስክሌተኛውን የሚያደክመው ከምንም በላይ የአየሩ ግፊት ነው። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል፤ እሱን ለመቋቋም የሚያስፈልገው ኃይል ደግሞ ስምንት እጥፍ። ቀጥ ብሎ የተቀመጠ ሰው ደረቱን ለነፋስ ይሰጣል፤ ጋለል ያለው ግን እግሩን አስቀድሞ አየሩን ሰንጥቆ ያልፋል። ሐይቅ ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ስለሆነች አየሯ ከባሕር ጠረፍ አየር አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ለብስክሌቱ ደግ ነገር ነው። ለሳንባ ግን ያንኑ ያህል ያጎድላልና ከሆላንድ የመጣ ሰው ደሴ ላይ ጥቂት ቀን ሳያርፍ ፔዳል ባይረግጥ ይሻለዋል።

አሳሳቢው ዳገቱ ነው። ተራ ብስክሌት የሚነዳ ሰው ዳገት ሲገጥመው ከኮርቻው ብድግ ብሎ ሙሉ ክብደቱን ፔዳሉ ላይ ይጥላል። ጋለል ያለው ይህን ማድረግ አይችልም፤ ያለው የእግሩ ጡንቻና ማርሹ ብቻ ነው። ሆላንድ ደግሞ ዳገት የማታውቅ አገር ናት። አውሮፓ ውስጥ ያለው ምድሯ ከፍተኛው ቦታ ፋልዘርበርግ ሲሆን 322 ሜትር ብቻ ነው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣ ሐይቅ በ2,000 ሜትር ስትገኝ፣ በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው 30 ኪሎ ሜትር መንገድ ብቻ ከሆላንድ ትልቁ ኮረብታ የበለጠ የከፍታ ልዩነት አለው ማለት ነው። ለዚያ አገር የተሠራ ማርሽ ለወሎ አይሆንም።

ስለዚህ ማሙሽ ካሉት ብስክሌቶች ባለ ሦስት ጎማውን ቢያመጣ ይመረጣል። ከፊት 24 ጥርስ፣ ከኋላ 36 ጥርስ ቢገጥምለት፣ ባለ 26 ኢንች የኋላ ጎማ በአንድ የፔዳል ዙር 1 ሜትር ከ37 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሄዳል። በደቂቃ 70 ጊዜ ቢያዞር በሰዓት ስድስት ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም። ባለ ሁለት ጎማው በዚህ ቀርፋፋ ፍጥነት ይወላገዳል፤ ከባድ መኪና በሚያልፍበት አስፋልት ላይ መወላገድ ደግሞ አደጋ ነው። ባለ ሦስት ጎማው አይወድቅም። ዳገቱ ቢበረታ እዚያው ቆሞ፣ ውኃ ጠጥቶ፣ ከተቀመጠበት ሳይነሳ ጉዞውን ይቀጥላል።

መንገዱ ይህን ይመስላል። ከደሴ ወደ ሰሜን ሲወጣ ቦሩ ሜዳ አለ፤ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ እ.ኤ.አ. በ1878 የሃይማኖት ጉባኤ ያካሄዱበት ሜዳ ነው። ከዚያ ወዲያ አስፋልቱ እየተጠማዘዘ ይወርዳል። ቁልቁለቱ ደስ ቢልም ፍሬን ይፈትናል። የፊት ጎማዎቹ ትንንሽ ስለሆኑ ቸርኬ የሚይዝ ፍሬን ቶሎ ይግላል፤ የዲስክ ፍሬን ቢሆን ነው የሚያዋጣው። አይሱዙና ሲኖትራክ ጠመዝማዛው ላይ ሳይቀር ይቀዳደማሉ። አህያ፣ በግና ከብት መንገድ ያቋርጣሉ። በገበያ ቀን ደግሞ ዳር ዳሩ በሰው ይሞላልና ቁልቁለቱን ሰው ሳይበዛ በማለዳ መጨረስ ይገባል።

ሐይቅ ሲደረስ ሁሉ ነገር ይለሳለሳል። ውኃው 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ይሸፍናል፤ ጥልቀቱ ከ80 ሜትር ያልፋል፤ በምድር ላይ የሚፈስበት መውጫም የለውም። ከሱ ከፍ ብሎ ካለው ከአርዲቦ ሐይቅ የሚወርደው የአንቸርካ ወንዝ ይገባበታል። ቀድሞ ደሴት በነበረችው፣ ዛሬ ከየብስ በተያያዘችው ምድር ላይ አባ ኢየሱስ ሞዐ በ13ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ያቀኑት የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም አለ፤ አቡነ ተክለ ሃይማኖት የተማሩበት። ሴቶች ወደ ገዳሙ አይገቡም፤ እማዬና እታለም ከመጡ ሐይቁ ዳር ዓሣ እየበሉ መጠበቅ ነው። ወደ ዳርቻው የሚወስዱት መንገዶች ጠጠርና አቧራ ስለሆኑ የብስክሌቱ ሆድ ከመሬት ምን ያህል ከፍ እንደሚል ቀድሞ መለካት አለበት። ከመሬት አንድ ስንዝር እንኳ የማይርቅ ቴላዮ የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ላይ ይሰካል።

ከሁሉ ይልቅ መታየት የሚገባው ግን ከዋናው አስፋልት ገባ ብሎ ባለ አንድ ብየዳ ቤት ውስጥ ነበር። በልጅነታቸው ፖሊዮ እግራቸውን የያዘባቸው አንድ ሰው በእጅ የሚዘወር ባለ ሦስት ጎማቸውን ለማስተካከል መጥተዋል። ቴላዮው ከቱቦላሬ የተበየደ ነው። ፔዳሎቹ ወደ ደረት ከፍ ተደርገው በእጅ ይዞራሉ፤ ሰንሰለቱ ከዚያ ወርዶ የፊት ጎማውን ይነዳል፤ ያው መዘውር መሪም ነው። ወንበሩ ስፖንጅ ላይ ላስቲክ ተወጥሮ የተሠራ ሲሆን ከኋላው የዕቃ ሳጥን አለው። ሰውየው ትከሻዬን ያመኛል አሉ። በያጁ ሜትር አላነሳም፤ ሲባጎ ወስዶ ከትከሻቸው እስከ መዘውሩ እጃቸውን አዘርግቶ ለካ፤ ክርኑ በትንሹ እስኪታጠፍ ድረስ ሲባጎውን አሳጠረና ቋጠረው። ከዚያ የመዘውሩን ቋሚ ቆርጦ ወደ ሰውየው አስጠግቶ በየደው። ሁለት ጊዜ አስቀመጣቸው፤ ሁለት ጊዜ አስነዳቸው። «አሁን አብሽር፣ ትከሻ አይነካም» አላቸው።

በያጁ ስለ ሪካምበንት ሰምቶ አያውቅም፤ ሥራው ግን ያው ነው። የማሙሽ ብስክሌት ፔዳሉን የተሸከመው የፊት ቧንቧ በእግሩ ርዝመት ልክ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይንሸራተታል፤ ጉልበት ሙሉ በሙሉ እንዳይዘረጋ፣ እንዳይታጨቅም ተደርጎ ይለካል። እዚህም እዚያም መሣሪያው ነው በሰውየው ልክ የሚቆረጠው። የእጅ መዘውሩም የዘር ሐረጉ ሩቅ ነው፤ ሽቴፋን ፋርፍለር የሚባል፣ እግሮቹ የማይታዘዙለት ጀርመናዊ የሰዓት ሠሪ እ.ኤ.አ. በ1655 በእጅ የሚዘወር ባለ ሦስት ጎማ ለራሱ ሠርቶ ነበር። በአዲስ አበባ ጎዳና ሎተሪ እያዞሩ በዚህ ዓይነቱ መሣሪያ የሚተዳደሩ ሰዎችን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ጋለል ብሎ የመንዳትን ነገር ከማንም ቀድመው የሚያውቁት እነሱ ናቸው፤ ማሙሽም ሲመጣ ከሁሉ በፊት እነዚህን ሰዎችና በያጆቻቸውን ቢያነጋግር ከየትኛውም መጽሔት የበለጠ ይማራል።

ከሐይቅ ወደ አምባሰል ሲዘለቅ ተራራው ይቀርባል። የወረዳው ከተማ ውጫሌ ናት። የውጫሌ ውል ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በዳግማዊ ምኒልክና በኢጣሊያው መልእክተኛ በኮንት አንቶኔሊ መካከል የተፈረመበት ይስማ ንጉሥ እዚሁ አምባሰል ውስጥ ነው፤ ሙዚየምም አለው። ግሸን ማርያምም በዚሁ በአምባሰል ናት፤ በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን ግማደ መስቀሉ የገባባት፣ መስቀለኛ ቅርጽ ያላት አምባ። መስከረም 21 ቀን ሕዝቡ ከየአገሩ ይተምምባታል። እዚያ ማሙሽ ብስክሌቱን ከታች አስቀምጦ እንደማንኛውም ምእመን በእግሩ ይውጣ። ከአራቱ ቅኝቶች አንዱ አምባሰል የተባለው በዚሁ አገር ስም ነው፤ ሙዚቃ የሚወድ ሰው ገደሉን ቀና ብሎ እያየ፣ በዝግታ ቢያልፍበት ይጠቀማል። ጋለል ያለ ወንበር ለዚህ ይመቻል።

ከውጫሌ ወዲያ ወደ ውርጌሳና መርሳ መንገዱ እንደገና ይወርዳል፤ ወደ ቆላ ሲጠጋም ሙቀቱ ይጨምራል።

አሁን ወደ መሣሪያው ዝግጅት። ነጂው ከሲኖትራክ ኮፈን በታች ስለሚሆን የሚታይበት ነገር ያስፈልገዋል። ቢያንስ ሁለት ሜትር ከፍታ ያለው ዘንግ ከወንበሩ ኋላ ይተከል፤ ጫፉ ላይ ደማቅ ብርቱካናማ ባንዲራ ይታሰርበት። የኋላ ማሳያ መስተዋት በግራም በቀኝም ይሁን፤ ጋለል ያለ ሰው አንገቱን አዙሮ ማየት ይቸግረዋልና። የባጃጅ መስተዋት እዚህ በቀላሉ ይገኛል፤ ማሰሪያውን በያጁ ይሠራለታል። የባጃጅ ጎማ ግን አይገጥምም። የፊት ጎማዎቹ የሕፃናት ብስክሌት ልክ የሆነው ተራው 20 ኢንች፣ የኋላው 26 ኢንች ከሆነ ጎማና ከመነዳሪ እዚህ አገር አይጠፋም፤ ከዚህ የወጣ ልክ ከሆነ ግን ከሆላንድ መያዝ ነው። ሰንሰለቱ ከተራ ብስክሌት ሰንሰለት ሁለት ተኩል እጥፍ ገደማ ስለሚረዝም መለዋወጫ ዘለላዎችና ማያያዣ ይምጡ። ፀሐይዋ ፊት ለፊት ስለምትመታ ሰፊ ከንፈር ያለው ባርኔጣ ያስፈልጋል።

ክረምቱን ይተውት፤ ዝናቡ ፊቱን ይገርፈዋል። ጥቅምትና ኅዳር ነው ጥሩው ጊዜ። የመንገዱን ሰላም በዚያው ሰሞን ደሴ ካሉት ዘመዶች ጠይቆ፣ አይሆንም ካሉት ሳይከራከር ይቆይ። ልጆች «ፈረንጅ! ፈረንጅ!» እያሉ ዳገቱን አብረውት መሮጣቸው አይቀርም፤ ፊቱ በፊታቸው ልክ ስለሚሆን በአማርኛ ሰላም ካላቸው ወዳጅነቱ ወዲያው ነው። ሽማግሌ ካገኘ ቆሞ ሰላምታ ያቅርብ፤ እንደየሰዉ «እንደምን ዋሉ» ወይም «አሰላሙ አለይኩም» ይበል። የወሎ ሰው መሣሪያውን ሳያገላብጥ፣ ቡናም ሳያቀምስ አይለቀውም፤ ለዚህም ከጉዞው ሰዓት ላይ ይቀነስለት።

እንግዲህ እታለም ዛሬውኑ ደውላ ይህን ትንገረው። የወንበሩን ወርድ፣ የኋላ ቧንቧውን ውፍረትና ከመሬት ያለውን ከፍታ በሚሊ ሜትር ለክቶ፣ ፎቶ አንስቶ ይላክ። በያጁ የዘንጉን መትከያና የዕቃ መጫኛውን ማሙሽ ሳይደርስ ሠርቶ ሊያቆይ ተስማምቷል፤ የሚጠብቀው ልኩን ብቻ ነው።