የቅኔ ቤት ልጆችና የኔታ

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የአብነት ትምህርት ከንባብ ቤትና ከዜማ ቤት ቀጥሎ የሚመጣው ቅኔ ቤት፣ በግእዝ አዲስ ቅኔ የመቀኘት ሙያ የሚቀሰምበት ጉባኤ፣ አጥርም ደወልም ሳይኖረው ለዘመናት የወንድ ልጆች አዳሪ ትምህርት ቤት ሆኖ ኖሯል። ስለዚህ ጉባኤ የሚነገረው ምስጋና አብዛኛውን ጊዜ በመምህሩ ላይ ያርፋል፤ ተማሪው ግን በአክብሮት «የኔታ» ብሎ የሚጠራቸውን መምህር በወጉ ሳያውቅ በፊት የሚያውቀው ጓደኞቹን ነውና፣ የቤቱ ምሰሶ ማኅበሩ ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም።

ብዙው ተማሪ ዘመድ ካለበት አገር ርቆ፣ አንዳንዱም ከወላጆቹ ኮብልሎ የመጣ ነው። ሲደርስ በቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ ተማሪዎች ራሳቸው ከቀለሷቸው ጠባብ ጎጆዎች በአንዱ ይጠጋል፤ ከበግ ቆዳ የተሰፋውን ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ የሚባለውን የምግብ መያዣ አንግቶ፣ ለውሻ መከላከያ ዱላውን ጨብጦ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ በየደጁ ይለምናል። ይዞት የሚመለሰውን ቁራሽ እንጀራና ቆሎ፣ ታሞ ወይም ውሻ ነክሶት የዋለው ጓደኛው ይካፈለዋል። (ረኃቡን የጥበብ እናት አድርገው የሚያወድሱ ሰዎች፣ እከክና ተስቦ የፈጇቸውን ልጆች አብረው ቢያስቡ መልካም ነበር።)

ትምህርቱም በዚሁ ማኅበር እጅ ነው። የግእዙን ግስና እርባታውን ለጀማሪው የሚያስጠናው ብዙውን ጊዜ ጥቂት የቀደመው ልጅ ነው። በቅኔ ቆጠራ ሰዓት፣ ተማሪው ቅኔውን በልቡ በሚያወጣበትና በሚያወርድበት ጊዜ፣ ሁሉም ወደ ሜዳውና ወደ ዛፉ ሥር ተበታትኖ፣ ደበሎውን ተከናንቦ ለብቻው ይቀመጣል፤ ኋላ ሲሰበሰቡ ጀማሪው ሁለት ቤት፣ ሁለት ስንኝ ማለት ነው፣ ያለውን ጉባኤ ቃና፣ የበሰለው ደግሞ ስምንት ቤት ያለውን መወድስ ይዞ ይቀርባል። የኔታ ዜማው የጎደለውን፣ ሰሙ ከወርቁ፣ ምሳሌው ከተሰወረው ምሥጢር ያልተስማማውን የሚያርሙት በሁሉም ፊት ስለሆነ፣ የአንዱ ስሕተት የሌላው ትምህርት ይሆናል፤ ኀፍረቱ ግን የባለቤቱ ብቻ ነው፤ ይህንንም መሸሸግ አይገባም።

ተማሪውን የሚገዛው ሕግ መምህሩንም ይገዛል። ትናንት የተባለ ቅኔ ዛሬ አይደገምምና፣ የኔታ ለጉባኤው ቅኔ ሲዘርፉ፣ ያለ ጽሑፍ አዲስ ቅኔ ሲያሰሙ፣ በደቀ መዛሙርታቸው ጆሮ ይመዘናሉ። የዋሸራው፣ የጎንጁና የዋድላው የቅኔ መንገድ የየራሱ ጠባይ ስላለው፣ ከአንዱ የጠገበ ተማሪ አኩፋዳውን አንግቶ ወደ ሌላው ይሻገራል፤ ይህም እንደ ክዳት አይቈጠርም። ገጣሚው መንግሥቱ ለማ የቤተ ክርስቲያን ሊቅ ከነበሩት ከአባታቸው ከአለቃ ለማ ኃይሉ አንደበት ተቀብለው ያሳተሙት መጽሐፈ ትዝታ የዚህን ኑሮ ውስጣዊ ገጽታ ለሚሻ አንባቢ ከብዙ ጥናት ይበልጣል።

በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት በአዋጅ የሕዝብ ሀብት ሲሆን ቤተ ክርስቲያንም ርስቷን አጣች፣ መምህራኑም መተዳደሪያቸው ተነካ፤ የተማሪው ልመና ግን ድሮም በመሬት አልተመሠረተምና ቀጠለ።

የወንዶቹን ማኅበር ከሁሉ በላይ የፈተነችው፣ ዓይነ ስውርነቷ ሳያግዳት የቅኔ መምህር ከነበሩት አባቷ ተምራ በጎጃም ወንበር የዘረጋችው እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ናት። በእርሷ ጉባኤ ደበሎ የለበሱት ልጆች እንደ ወትሮው ቈጠሩ፣ እንደ ወትሮው ታረሙ፤ ሴትን ከደጅ ያስቀራት ልማድ እንጂ የቅኔው ሕግ አልነበረም።