ለ300 ተሠርቶ በ30 የሚሄድ

ጁሜይራ ውስጥ የስፖርት መኪና ጎማ የሚመረጠው በዓይን ነው። ባለቤቱ ቸርኬውን ያያል፤ ከቸርኬው ጀርባ ቀዩ ፍሬን አጊጦ መታየቱን ያያል፤ ጎማው ጎን ላይ የተጻፈው ስም ከሩቅ ይነበብ እንደሆነ ያያል። ከዚያ የጎረቤቱ ልጅ ምን እንዳስገጠመ ይጠይቃል፤ ምርጫው እዚያ ላይ አለቀ። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች የተባለው ስለ ዶሮ ብቻ ይመስላቸዋል። መኪናው ማታ ማታ ከጁሜይራ መስጊድ ተነሥቶ በባሕሩ ዳር መንገድ ወደ ቡርጅ አል አረብ ይንሸራሸራል። ፊቱ ላምቦርጊኒ፣ ኋላው ፌራሪ፣ መሀላቸው ፒዛ የሚያደርስ ሞተር ብስክሌት፤ ሁሉም በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር። ቀድሞ የሚደርሰው ፒዛው ነው።

እኔ የአንድ ጁሜይራ ቪላ ሾፌር ነኝ። የቤቱ ታላቅ ልጅ የ2017 ሥሪት ፖርሽ 911 አለው። እሱ ይነዳዋል፤ እኔ አሳጥባለሁ፣ ዘይት አስቀይራለሁ፣ ጎማ ሲያልቅም የምሄደው እኔው ነኝ። «አቡ ዳዊት፣ ካፕ ቱ የሚባለውን አስገጥምልኝ» አለኝ አንድ ቀን ዓይኑን ከስልኩ ሳይነቅል። የበኩር ልጄ ዳዊት ስለሆነ ነው እንዲህ የሚለኝ፤ እዚህ አገር አለቃም ቢሆን በዕድሜ የሚበልጠውን ሰው በልጁ ስም ሲጠራው አከበረው ማለት ነው። ለምን ካፕ ቱ እንደፈለገ አልጠየቅሁትም። ማዶ ያለው ቪላ ልጅ በዚያው ሰሞን እሱኑ አስገጥሟል።

ጎማ ለመግዛት የአል ወስልን መንገድ ተሻግሮ ሳትዋ መግባት ነው። ሳትዋ ወንበር የሚሰፋበት፣ መስተዋት የሚጠቁርበት፣ ቀለም የሚሸፈንበት ሠፈር ነው፤ የጁሜይራ መኪና ሁሉ የሚኳኳለው እዚያ ነው። እኔ የምሄድበት ጎሚስታ ቤት ባለቤቱ የኬረላ ሰው ነው፤ ክሪክ የሚይዘው ፓኪስታናዊ ነው፤ ባላንስ የሚሠራው ደግሞ የኛው ልጅ ነው፣ የከሚሴ። ካፕ ቱ እንደምፈልግ ስነግረው ሳቅ አለና «ስሙን ይተዉት ጋሼ፣ ጎኑን ያንብቡት» አለኝ።

ጎኑን አነበብን። ለኋላ እግር 305/30 ዜድ አር 20 ይላል። 305 በሚሊ ሜትር የጎማው ስፋት ነው። 30 የጎኑ ቁመት ነው፣ የስፋቱ 30 በመቶ ማለት፤ ስለዚህ በውዱ ቸርኬና በአስፋልቱ መካከል ያለው ላስቲክ 9 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። 20ው የቸርኬው ዲያሜትር ነው፣ በኢንች። ከዚያ 103 የሚል ይከተላል፤ አንዱ ጎማ ብቻውን 875 ኪሎ ይሸከማል ማለት ነው። መጨረሻ ላይ ዋይ የምትባል ፊደል አለች፤ እሷ 300 ኪሎ ሜትር በሰዓት ናት። በቅንፍ ከገባች ደግሞ ከ300 በላይ ትሆናለች። ፊደሎቹ በተራ የሚሄዱ እንዳይመስላችሁ፦ ዩ 200፣ ቪ 240 ሲሆኑ ኤች ያለ ቦታዋ መጥታ በሁለቱ መካከል 210 ላይ ተሸጉጣለች። ዱባይ ውስጥ በሸይኽ ዛይድ መንገድ ትልቁ ፈቃድ 120 ነው፤ ካሜራው 20 ኪሎ ሜትር ይታገሣል። ከዚያ በላይ ያለው የዋይ ፍጥነት ላም አለኝ በሰማይ ነው።

ግን ፊደሏ ፍጥነት ትናገር እንጂ የምትለካው ሙቀትን ነው። ጎማ በዞረ ቁጥር መሬት የነካው ክፍል ይተኛል፣ ይነሣል፣ እንደገና ይተኛል፤ በመተኛቱና በመነሣቱ ላስቲኩ ይግላል። ፍጥነቱ ሲጨምር ለመቀዝቀዝ ጊዜ ያጣል፤ በመጨረሻ ውስጡ ያለው ሽቦና ላስቲክ ይላቀቃሉ። ዋይ የተባለው ጎማ በ300 ሲሄድ ይህ እንደማይደርስበት ፋብሪካ ውስጥ ተፈትኖ የወጣ ነው። ነገሩ ሁሉ ሙቀት ከሆነ ደግሞ የዚህን ጎማ ዘር ማንዘር ከሙቀት መቁጠር ይሻላል።

(ዘመኑን በፈረንጅ ነው የምቆጥረው፤ ዱባይ የከረመ ሰው ሌላው ይጠፋበታል።) በ1830ዎቹ አሜሪካኖች ከብራዚል በሚመጣ ላስቲክ አብደው ነበር። ጫማና ካፖርት ሠሩበት። ብርድ ሲመጣ ደርቆ ተሰነጠቀ፤ ሙቀት ሲመጣ ቀልጦ ገማ። ፋብሪካዎቹ ተራ በተራ ከሰሩ። ቻርልስ ጉድይር የሚባል የብረታ ብረት ነጋዴ፣ እሱም የከሰረ፣ መድኃኒቱን አገኛለሁ ብሎ ተነሣ። በዕዳ ታስሮ እስር ቤት ውስጥ እንኳ ላስቲክ ሲያቦካ ነበር። ከመንግሥት የፖስታ ከረጢት ታዞ ሠርቶ ሰቀለው፤ ለጥቂት ሳምንት ዞር ብሎ ሲመለስ ቀልጦ ወርዶ አገኘው። በ1839 ግን ከድኝ ጋር የተቀላቀለ ላስቲክ የጋለ ምድጃ ነካ፤ ይቀልጣል ሲባል ጠነከረ። ሲገድለው የኖረው ሙቀት አዳነው። ጉድይር ፓተንቱን በ1844 አገኘ፣ በ1860 ሞተ፣ ለቤተሰቡ የተወው 200 ሺህ ዶላር ገደማ ዕዳ ነበር። ስሙን ይዞ በ1898 ኦሃዮ ውስጥ የተቋቋመው ኩባንያ ከቤተሰቡ ጋር ዝምድና የለውም። ሰውዬው ዛሬ ቢነሣ በዓለም ዙሪያ ስሙን ያያል፤ ዕዳውን የሚከፍልለት ግን አያገኝም።

ነፋስ የሚሞላው ጎማ ሁለት ጊዜ ነው የተወለደው። መጀመሪያ ሮበርት ቶምሰን የሚባል ስኮትላንዳዊ፣ ገና በሃያዎቹ ዕድሜ መጀመሪያ ላይ ሳለ፣ በ1845 ፓተንት አወጣ፤ ውስጡ ላስቲክ፣ ውጪው ቆዳ፣ ለፈረስ ጋሪ። በ1847 ለንደን ውስጥ ሬጀንትስ ፓርክ በጋሪ አስሮ አሳየ። ሰው አየ፣ አደነቀ፣ ረሳ። ከ40 ዓመት በኋላ ቤልፋስት የሚኖር ሌላ ስኮትላንዳዊ፣ ጆን ቦይድ ደንሎፕ፣ የእንስሳት ሐኪም፣ የ10 ዓመት ልጁ በሦስት እግር ብስክሌት በድንጋይ ንጣፍ ላይ ሲንገጫገጭ አይቶ ጎማ ሠራለት። ፓተንቱን በ1888 አገኘ፤ ቆይቶ ቶምሰን ቀድሞህ ነበር ተባለና ተሻረበት። የዛሬው የ911 ጎማ አያት ይህ ነው፦ አንድ አባት የልጁ መቀመጫ እንዳይጎዳ ብሎ የሠራው።

ታዲያ ከልጅ መቀመጫ ወደ ጁሜይራ ሰልፍ ማን አመጣው? በግንቦት 1889 ቤልፋስት ውስጥ የብስክሌት ውድድር ነበር። ዊሊ ሂዩም የሚባል ጋላቢ የደንሎፕን ወፍራም ጎማ አስገጥሞ ቀረበ፤ ተመልካቹ ሳቀበት። የገባባቸውን አራት ውድድሮች አሸነፈ። ሳቁ ቆመና «ምንድነው ያስገጠመው?» የሚለው ጥያቄ ተጀመረ፤ እስካሁንም አልቆመም። ከዚያ ወንድማማቾቹ ሚሼሊኖች በ1895 ከፓሪስ ቦርዶ ደርሶ መልስ በሆነው የመኪና ውድድር ነፋስ ያለበት ጎማ ይዘው ገቡ። መንገድ ለመንገድ እየፈነዳባቸው፣ የውስጥ ጎማ እየቀየሩ፣ ከኋላ ተንጠልጥለው ገቡ። አላሸነፉም፤ ግን መኪና በነፋስ ላይ 1,200 ኪሎ ሜትር ገደማ መሄድ እንደሚችል ታየ። በ1898 የወጣው የሚሼሊን ሥዕል ሰውዬ ነጭ የሆነው ያን ጊዜ ጎማ ነጣ ያለ ስለነበረ ነው። ጥቁረቱ የመጣው በ1910ዎቹ ከጥላሸት ነው፤ ጥላሸት ሲገባበት ላስቲኩ ቶሎ አላልቅ አለ። ጁሜይራ ውስጥ በልዩ ዘይት እየተወለወለ የሚያብረቀርቀው ጥቁረት ጥላሸት ነው።

ከዚያ ወዲያ ያለውን ባጭሩ ላሳልፈው። በድሮው ጎማ ውስጥ ያሉት ክሮች እርስ በርስ ይጣረሱ ነበር፤ ጎማው በተጣጠፈ ቁጥር ይፋተጋሉ፣ ይግላሉ። ሚሼሊን በ1946 ፓተንት ባወጣበት ራዲያል ጎማ ክሮቹ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ ቀጥ ብለው ሄዱ፣ ላያቸው ላይ የሽቦ መቀነት ታሰረ፤ ፍጭቱም ግለቱም ቀነሰ። ፍጥነት ሲበዛ ግን ያ መቀነት ወደ ውጭ መወጠር አመጣ። ፒሬሊ በ1970ዎቹ አጋማሽ ለላንቺያ ስትራቶስ የራሊ መኪና ሲሠራ በመቀነቱ ላይ የናይለን ክር ዙሪያውን ጠመጠመበት፤ ጎኑንም አሳጠረው። ፒ 7 የተባለው ይህ ነው። ፖርሽ ለ911 ቱርቦው ወሰደው። አጭር ጎን፣ ሰፊ መሬት፣ ትልቅ ቸርኬ፤ ዛሬ በባሕሩ መንገድ የሚንሸራሸረው መልክ እዚያ ተጀመረ።

ወደ ሳትዋ ልመለስ። ነሐሴ ላይ የዱባይ አየር ከ45 ዲግሪ ሲያልፍ አስፋልቱ ከ60 ይበልጣል። የከሚሴው ልጅ የሚማረርባቸው ሾፌሮች ሙቀቱን ፈርተው ነፋስ የሚያስቀንሱት ናቸው። «ጎማው ጋለ፣ ሊፈነዳ ነው፣ ተንፍስልኝ ይሉኛል ወላሂ!» እውነት ነው፣ አየሩ በ10 ዲግሪ ሲጨምር የጎማው ነፋስ በ2 ፒኤስአይ ገደማ ይጨምራል። ግን መኪናውን የሠራው ፋብሪካ የጻፈው ልክ በቀዝቃዛ ጎማ የሚለካ ነው፤ ያ ጭማሪ ታስቦበታል። የተነፈሰ ጎማ ይበልጥ ይጣጠፋል፣ ይበልጥ ይግላል፣ የፈሩት ፍንዳታም የሚመጣው ያን ጊዜ ነው። ጉድይር በምድጃ ከመቅለጥ ያዳነውን ላስቲክ ነፋስ ቀናሹ ሾፌር መልሶ ምድጃ ላይ ይጥደዋል።

ቀጥሎ ልጁ ጎኑ ላይ ያለችውን ትንሽ ክብ በአውራ ጣቱ ጠራርጎ አሳየኝ፤ አራት ቁጥር አለባት። 1424 ካለች በ2024 በ14ኛው ሳምንት ተሠራ ማለት ነው። ላስቲክ ሳይነዳም ያረጃል፤ በዚህ ሙቀት ደግሞ ይፈጥናል። ኤምሬትስ ውስጥ ከ5 ዓመት ያለፈ ጎማ መንገድ ላይ አይፈቀድም፤ ያለፈበትን ወይም ያለቀውን ጎማ ይዞ የተገኘ 500 ድርሃም፣ 4 ጥቁር ነጥብ፣ ለመኪናው የአንድ ሳምንት እስር ይጠብቀዋል። አዲስ አበባ ታክሲ ስነዳ ጎማ ያረጀ የሚባለው ሙልጭ ሲል ነበር። እዚህ ጥርሱ ሙሉ ሆኖ ይጣላል፤ መጀመሪያ ሰሞን ሳየው አንጀቴ ያር ነበር።

በካፕ ቱ ፋንታ ልጁ ያቀረበልኝ ጎማ ፓይለት ስፖርት 4 ኤስ ይባላል። ሁለቱ የአንድ ቤት ልጆች ናቸው፤ ሁለቱም ሚሼሊን፣ ሁለቱም ፖርሽ ያጸደቀው የሚል የኤን ምልክት ይዘው ይመጣሉ። ልዩነታቸው የጎማው ጥርስ ምን ያህል እንደሚቆይ የምትናገረው፣ ትሬድዌር የምትባለው ቁጥር ላይ ነው፦ ካፕ ቱ 180፣ ሌላው 300። ቁጥሩ በቴክሳስ መንገድ ላይ ከሚነዳ የማነጻጸሪያ ጎማ ጋር ተለክቶ የሚወጣ ነው፤ ማነጻጸሪያው 100 ነው። ማርኩን ለራሱ የሚሰጠው አምራቹ ስለሆነ እንደ ወንጌል አልወስደውም፤ የአንድ ፋብሪካ ሁለት ልጆችን ለማወዳደር ግን ይበቃል። ካፕ ቱ ለስላሳ ነው፣ ሲግል ከአስፋልቱ ጋር ይጣበቃል፣ ለዱባይ አውቶድሮም ኩርባ የተፈጠረ ነው። ጥርሱ ግን ጥቂት ነው፤ ውሃ ሲያገኝ የሚያስወጣበት በቂ ቦይ የለውም። ዱባይ መቼ ይዘንባል ይሉኛል። ሚያዝያ 16 ቀን 2024 አል ዐይን አጠገብ ኸትም አል ሸክላ ላይ 24 ሰዓት ሳይሞላ 254 ሚሊ ሜትር ዘነበ፤ በአገሪቱ መዝገብ መያዝ ከተጀመረበት ከ1949 ወዲህ ያልታየ ነው። ዱባይ ላይ መኪና ሲንሳፈፍ ያየን ሰዎች ስለ ጎማ ቦይ አንቀልድም።

ለባለ ፖርሹ ልጅ ደወልኩለት። ትሬድዌሩን ነገርኩት፣ ዝም። ዝናቡን ነገርኩት፣ «ኢንሻ አላህ አይዘንብም» አለ። ነፋሱን፣ ሙቀቱን፣ ቴክሳስን ነገርኩት። ሲቸግረኝ የ4 ኤሱን ጎን በስልክ ፎቶ አንሥቼ ላክሁለት፤ ጽሑፉ ያረፈበት ጥቁረት ከፋይ ይመስላል።

«አቡ ዳዊት፣ ይሄ ይሻላል፤ ማዶ ያለው እንዲህ የለውም» አለ።

አስገጠምነው። አሮጌዎቹ አራቱ ግድግዳው ጥግ ተከመሩ፤ የፊቶቹ ጥርሳቸው ገና ነው። መርካቶ ምናለሽ ተራ ያደግሁ ሰው እንዲህ ያለ ክምር ሲያይ የሚያስበው አንድ ነገር ነው፦ በረባሶ። በረባሶ ዛሬ የድሀ ጫማ ብቻ አይደለም፤ ቤተልሔም ጥላሁን በ2000ዎቹ አጋማሽ አዲስ አበባ ዘነበወርቅ በጀመረችው ሶልሬብልስ በኩል የአሮጌ ጎማ ሶል ባሕር ተሻግሮ ተሸጧል። «ከዚህ ስንት ጥንድ ይወጣል?» አልኩት የከሚሴውን ልጅ።

አንዱን አንሥቶ ጠርዙን በጥፍሩ ጫን ጫን አደረገው። «ይሄ አይሆንም ጋሼ። ጎኑ አጭር ነው፣ ማሰሪያ አያወጣም። ውስጡ ሽቦ ነው፣ ቢላ ይጨርሳል። ላስቲኩም ለስላሳ ነው፣ ከከሚሴ ባቲ ገበያ ደርሶ ሳይመለስ ያልቃል። ለበረባሶ ከሆነ የአይሱዙ ጎማ ያምጡልኝ።»