ቢጫው ቀስት ለኛም ነው

ዛሬ ፒክ ዲስትሪክት ውስጥ፣ ከሄይፊልድ መንደር በላይ አንድ ሰውዬ አስቆመንና «ጠፍታችሁ ነው?» አለን። የእግረኛ መንገዱን የሚያሳየው ቢጫ ቀስት አጠገቡ ያለው ምሰሶ ላይ ተቸንክሯል፣ ካርታውም በእጃችን ነው። ከፊታችን ያለፉትን ሁለት ፈረንጆች ግን «ደስ የሚል ቀን ነው» ብሎ ነው የሸኛቸው። በክፋት ላይሆን ይችላል። ሆኖም ባቡር ውስጥ ሁሉ ሲከነክነኝ ስለመጣ ልተንፍሰው።

ያ መንገድ የማንም ችሮታ አይደለም። ቢጫ ቀስት ካለ፣ መሬቱ የግል ቢሆንም፣ በግ ቢግጥበትም፣ ማንም ሰው በእግሩ የማለፍ ሕጋዊ መብት አለው። ባለመሬቱ በካውንስሉ ፈቃድ በር ሊሠራበት ይችላል፤ ሊቆልፈው ግን አይችልም። ከቆለፈው ለካውንስሉ አመልክቱ፣ ማስከፈት ግዴታቸው ነው።

ከሄይፊልድ በላይ ያለው የኪንደር ስካውት ተራራ ላይ ደግሞ ከመንገዱ ወጥቶም መሄድ ይቻላል። ይሄ በነጻ የመጣ አይደለም። ተራራው የዴቮንሽሩ መስፍን ነበር፤ ግራውስ የሚባለው ወፍ ለአደን እንዳይረበሽ ዱላ የያዙ ጠባቂዎች ቆመውበት ነበር። ኤፕሪል 24 ቀን 1932፣ 400 ያህል ሰዎች፣ አብዛኞቹ የማንቸስተር ወጣት ሠራተኞች፣ ከሄይፊልድ ተነስተው ወጡት። ከፊት የነበረው ቤኒ ሮትማን ገና የ20 ዓመት ልጅ ነበር። ከመካከላቸው አምስቱ ከሁለት እስከ ስድስት ወር እስራት ተፈረደባቸው። ከዚያ የ1949ኙ የብሔራዊ ፓርኮች ሕግ መጣ፤ በ1951 ፒክ ዲስትሪክት የብሪታንያ የመጀመሪያው ብሔራዊ ፓርክ ሆነ። በ2000 ደግሞ በክፍት ተራራና ሜዳ ላይ እንደልብ መሄድ በሕግ ተፈቀደ። የመስፍኑ የልጅ ልጅ በ2002 በሕዝብ ፊት ይቅርታ ጠይቀዋል። ልጆቹ የታሰሩት «ከየት መጣችሁ» ሳይባል ሁሉም እንዲሄድበት ነው።

ይሄን ስጽፍ አክስቴ ትዝ አለችኝ። ስንት ዓመት ማንቸስተር ውስጥ ሆስፒታል ስታጸዳ አድራ ትገባለች፤ በባቡር አንድ ሰዓት የማይሞላውን፣ ኪንደር ሥር ያለውን የኢዴልን መንደር አይታው አታውቅም ነበር። ነይ ስላት «ያለ ጉዳይ ምን ያስኬደኛል? ይልቅ ቁጭ በይና ቡናሽን ጠጪ» ትለኝ ነበር። አንድ ጊዜ በመኸር በስንት ልመና መጣች፣ ነጠላዋን በጃኬት ላይ ደርባ፣ ቆሎና የተቀቀለ እንቁላል ቋጥራ። የአጥሩን የእንጨት መወጣጫ ስትሻገር «በስተርጅና አጥር አስዘለላችሁኝ!» ብላ አሳቀችን። ከዚያ የድንጋዩ አጥር ጋ ስትደርስ ቀጥ አለች። ጣቷን በድንጋዮቹ መሃል ሰደደች። «ጭቃ የለው፣ ሲሚንቶ የለው! ይሄማ የኛ ካብ ነው።» ከግራ ወደ ቀኝ አቋርጦ ሁለቱን ጎን ያሰረውን ረጅም ድንጋይ፣ ከመሃል የተጠቀጠቀውን ጠጠር እያሳየች «አባቴ እንዲህ ነበር የሚክበው፤ ይቺን ረጅሟን ከዘለልሽ በክረምት ይናዳል» አለችኝ። ለአራታችን የአጥር ትምህርት ሰጠችን! እዚያ ሜዳ ላይ እንደሷ የሚያውቅ አልነበረም። እሷንም አስቁሞ «ጠፍተሽ ነው?» የሚላት ሰው ይኖራል ብዬ ሳስብ ነው የሚያመኝ።

ስለዚህ በዝተን እንሂድ። እናቶችን ይዛችሁ ኑ፣ ልጆችን ይዛችሁ ኑ። እባካችሁ ነጭ ስኒከር ግን ይቅር! የኪንደር ጥቁር ረግረግ እስከ ጉልበት ይውጣል፣ ያየ ያውቀዋል።

ቅዳሜ የሚመጣ በውስጥ ይጻፍልኝ። ትርፍ ቦት ጫማ 38 እና 41 ቁጥር አለኝ። በቃ፣ ነገ ሥራ አለ።